ተገዝቶ የማያልቅ መሣሪያ

አናጢ መላጊያውን ከመርካቶ ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከነጋዴው ጋር የነበረው ጉዳይ በዚያው ያበቃል። ስለቱ ሲዶለዱም ራሱ ይስለዋል፤ እጀታው ቢሰበር ራሱ ይተካዋል፤ ነጋዴው በዓመቱ ከደጁ ቆሞ «የሸጥሁልህ መላጊያ አርጅቷልና የተሻለውን ውሰድ፤ ያለዚያ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ እንጨት ላይልግልህ ይችላል» ብሎ አያስጨንቀውም። ማሲንቆ መቺም የፈረስ ጭራው ሲበጠስ ሌላ ይተካል እንጂ፣ ማሲንቆውን ለሠራለት ሰው በየዓመቱ ግብር አያገባም። በገዢና በሻጭ መካከል ጸንቶ የቆየው ይህ ልማድ ግን በዘመናችን በአንድ ወገን እየፈረሰ ነው። ለሙዚቃ ቀረጻና ቅንብር የሚያገለግሉት፣ በተለምዶ ፕለጊን ተብለው የሚጠሩት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ተገዝተው የማያልቁ መሣሪያዎች ሆነዋል። ገዢው ዋጋውን ከፍሎ ብዙም ሳይቆይ «አዲስ እትም ወጥቷል፤ ለቀድሞ ደንበኛ ቅናሽ አለ» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል።

እኛ ከመደበኛ ሥራችን ውጭ፣ በመኖሪያ ቤታችን ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ድምፅ መቅረጽና ዘፈን ማቀናበር ከጀመርን ብዙ ዓመት ሆኖናል። ክፍሏ ሁለት ማይክሮፎን፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ ማሚቶ እንዳይረብሽ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሦስት አሮጌ ጋቢዎችና አንድ የጥጥ ፍራሽ አሏት። ወደዚች ክፍል የሚመጡት ስመ ጥር ዘፋኞች አይደሉም፤ የሰፈር ወጣቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን፣ አንዳንድ ጊዜም በገና ደርዳሪ አባቶች ናቸው። የሚከፍሉን ገንዘብ ለመብራትና ለቡና ከበቃ እናመሰግናለን። እንግዲህ ለማሻሻያ የሚወጣው ገንዘብ የሚቀነሰው ከቤት አስቤዛና ከልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነውና፣ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ሒሳብ ለእኛ የጨዋታ ሒሳብ አይደለም።

ነገሩን በቅርብ ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ማብራራት ይገባናል። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከሰባ ዓመት በፊት አንድ የቀረጻ ባለሙያ የዘፋኙን ድምፅ ለማሳመር ቢፈልግ፣ በብረት ሣጥን የተሠሩ፣ በውስጣቸው ቫልቭ የሚበራባቸው ከባድ መሣሪያዎች ያስፈልጉት ነበር። በ1950ዎቹ ይሠራ የነበረው ፑልቴክ የተባለው ኢኳላይዘር የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ወገን ለየብቻ ከፍና ዝቅ ያደርግ ነበር፤ በ1960ዎቹ የታወቀው ቴሌትሮኒክስ ኤል ኤ 2 ኤ የተባለው ኮምፕረሰር ደግሞ ጩኸቱንና ሹክሹክታውን በብርሃን ኀይል ያቀራርብ ነበር፤ በውስጡ ድምፁ በበረታ ቁጥር የምትደምቅ ትንሽ መብራትና ያን ብርሃን የሚቀበል ስስ አካል ነበሩበትና። እነዚህን መሣሪያዎች ዛሬም ማግኘት ይቻላል፤ ዋጋቸው ግን በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። ኮምፒዩተር እየበረታ ሲሄድ የሣጥኖቹ ጠባይ በሒሳብ ቀመር እየተጻፈ ፕሮግራም ሆነ። ዌቭስ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ በ1992 ኪው 10 የተባለውን ኢኳላይዘር አወጣ፤ በ1996 ደግሞ ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ቪ ኤስ ቲ የሚባለውን የመገናኛ ደንብ ለሌሎች ሠሪዎችም ክፍት ስላደረገው፣ ፕለጊን መሥራት የጥቂት ኩባንያዎች ብቻ ሥራ መሆኑ ቀረ። በአዲስ አበባ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ ቀድሞ የለንደንና የኒው ዮርክ ስቱዲዮዎች ብቻ የነበራቸውን መሣሪያ አምሳያውን በመቶ ዶላር፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ባነሰ ዋጋ ለማግኘት የበቃው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ማሻሻያ ዋጋ የሚያማርሩ ሰዎች ይህን ውለታ ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል።

ደግሞም ሠሪዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ባዶ አይደለም። መላጊያ የሚያርፍበት እንጨት ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ያው እንጨት ነው፤ ፕለጊን የሚያርፍበት ኮምፒዩተር ግን በየጊዜው ይለወጣል። አፕል በ2019 ካታሊና የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ሲያወጣ፣ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች በዚያ ላይ ከነጭራሹ መሥራት አቆሙ፤ በ2020 መጨረሻ ደግሞ ያው ኩባንያ የኮምፒዩተሮቹን አንጎል ከኢንቴል ወደ ራሱ ሥሪት ማዛወር ጀመረ። በእያንዳንዱ ለውጥ ጊዜ የፕለጊን ሠሪዎች የቀድሞ ሥራቸውን እየፈቱ እንደገና መስፋት ነበረባቸው። ይህን የሚሠራ ሰው ደመወዝ ያስፈልገዋል። ገዢው ግን አንድም አዲስ ድምፅ ሳያገኝ፣ ትናንት ይሠራ የነበረው ነገም እንዲሠራ ብቻ ይከፍላል። አባቶቻችን ዕዳ ከሜዳ የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አረጋዊ በገና ደርዳሪ ከክፍላችን መጥተው፣ በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ መዝሙር አስቀርጸው ነበር። ዛሬ በሕይወት የሉም። ቀረጻውን ስናቀናብር አንድ የሪቨርብ ፕለጊን ተጠቅመናል፤ ሪቨርብ የሚባለው በጠባብ ክፍል የተቀረጸውን ድምፅ በሰፊ አዳራሽ እንደ ተሰማ የሚያስመስለው ነው። ያን ፕለጊን የሠራው ሰው ቆይቶ ሥራውን ዘጋ፤ ኮምፒዩተራችንም ሲለወጥ ፕለጊኑ አልከፈት አለ። የመዝሙሮቹን ፋይል በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ በከፈትንበት ቀን የአረጋዊው ድምፅ ደረቅ ሆኖ፣ ከባዶ ጎተራ ፊት ለፊት ቆሞ እንደሚያጉተመትም ሰው ሆኖ ተሰማን። መዝሙሮቹ የተረፉት አስቀድመን የእያንዳንዱን መሣሪያና የእርሳቸውን ድምፅ፣ አንድ ጊዜ እንደ ተቀረጸ፣ አንድ ጊዜም ከነማሳመሪያው፣ ለየብቻ በዋቭ ፋይል አውጥተን ስላስቀመጥን ነው። ዋቭ ማይክሮሶፍትና አይ ቢ ኤም በ1991 ያወጡት የድምፅ ማስቀመጫ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም የማይከፍተው ኮምፒዩተር የለም። ስቱዲዮ ያላቸው ወጣቶች ምክር በጠየቁን ቁጥር ከሁሉ አስቀድመን የምንነግራቸው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ሥራው በዋቭ ተለይቶ የተቀመጠለት ሰው ለማሻሻያ የሚከፍለው ፈልጎ እንጂ ተገዶ አይደለም። አሮጌውን ኮምፒዩተርም አልጣልነውም፤ ከኢንተርኔት ተለይቶ፣ ምንም ሳይታደስ፣ እንደ መዝገብ ቤት ከጥግ ተቀምጧል።

ከግዴታው ማሻሻያ ቀጥሎ የሚመጣው የጌጥ ማሻሻያ ነው። በዚህኛው ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የፕለጊኑ መልክ ይለወጣል፤ መዘውሮቹ የዛገ ብረት ይመስላሉ፤ መስኮቱ ሰፋ ይላል፤ ለዓይን ደስ ያሰኛል። ጆሮ ግን መልክ አያይም። እኛ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሲደርሰን ሠሪዎቹ በነጻ የሚሰጡትን የሙከራ ጊዜ እንጠቀምና፣ አንዱን ዘፈን በአሮጌውና በአዲሱ እትም አሳልፈን፣ ሁለቱን ውጤቶች በድምፅ ኀይል እኩል እናደርጋቸዋለን። ይህ እኩል ማድረግ የሚናቅ ነገር አይደለም። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ጆሯችን ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚሰማበት መጠን እንደ ድምፁ ኀይል ይለያያል፤ ጥቂት ከፍ ብሎ የተሰማው ሁሉ የበለጠ የሞላና የጠራ መስሎ የሚታየንም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው ጠርተን እናሰማለን። ለኢኳላይዘር ከዚህም የሚቀል ዘዴ አለ፤ ይኸውም ከሁለቱ ውጤቶች የአንደኛውን ሞገድ ገልብጦ ከሌላው ጋር መደመር ነው። ሁለቱ በእውነት አንድ ከሆኑ እርስ በርሳቸው ተጣፍተው ጸጥታ ይሆናል፤ የሚሰማ ነገር ከቀረ ልዩነቱ ያ የቀረው ነው። ሁለት ዓመት ያህል ልዩነት ያላቸውን የአንድ ኢኳላይዘር ሁለት እትሞች በዚህ መንገድ ብንደምራቸው ምንም አልተሰማም። የኢኳላይዘር ቀመር የተጣራ የሒሳብ ሥራ ስለ ሆነ ይህ ሊያስደንቀን አይገባም፤ አምስት ሲደመር ሰባት በአዲስ እትም አሥራ ሦስት አይሆንም።

እንዲህ ስንል ግን ማሻሻያ ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ገንዘባችንን ያለ ቅሬታ የሰጠንባቸው ማሻሻያዎች አሉ፤ ከእነዚህም ትልቁ የድምፅ ቅኝት ማረሚያ ፕለጊን ነው። የዚህ ሙያ ታሪክ ራሱ የሚያስገርም ነው። አንዲ ሂልደብራንድ የተባለው አሜሪካዊ ነዳጅ ዘይት ለሚፈልጉ ኩባንያዎች ከመሬት ውስጥ የሚመለሰውን ሞገድ ሲተነትን ኖሮ፣ ያን ዕውቀት ወደ ሰው ድምፅ መልሶ በ1997 ኦቶቲዩንን አወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሼር የተባለችው ዘፋኝ ባወጣችው ዘፈን ምክንያት ዓለም ሁሉ አወቀው። መሣሪያው ግን የተሠራው የፒያኖን አሥራ ሁለት ድምፆች ልክ አድርጎ ነው። ሌላ ካልነገሩት በቀር የሰማውን ድምፅ ሁሉ ወደ ቅርቡ የፒያኖ ቁልፍ ጎትቶ ያስቀምጠዋል። እንግዲህ አንቺ ሆዬን የሚያዜም ባላገር ድምፁን የሚያሳርፍባቸው ቦታዎች ከፒያኖ ቁልፎች መካከል በአንዳንዱ ላይ በትክክል አይገጥሙም፤ በገናና ማሲንቆም እንደዚሁ። ማረሚያው የሚያርመው ስሕተቱን ሳይሆን ራሱን ቅኝቱን ይሆናል። በአንዳንድ የዘመኑ ዘፈኖቻችን ላይ ትዝታው ትዝታ ሆኖ ሳለ ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚሸተው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ከሙኒክ የሚወጣው ሜሎዳይን የተባለው ፕለጊን በከፍተኛው እትሙ፣ የቅኝቱን ርቀቶች ከተቀረጸው ዜማ ራሱ አጥንቶ እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል። ማለት፣ በቅኝታቸው የምንተማመንባቸውን አንድ አዛውንት እናስቀርጽና የእርሳቸውን ርቀቶች ደንብ አድርገን፣ ወጣቱ የሳተውን ወደዚያ እንመልሳለን። ወደዚያ እትም ለመሸጋገር የከፈልነው ገንዘብ ለእኛ ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ባቲና አንቺ ሆዬ ከክፍላችን የሚወጡት ባቲና አንቺ ሆዬ ሆነው ነው። ከዚህ ጋር የምንቆጥረው ሌላው ማሻሻያ የአሮጌ ካሴት ማጽጃ ነው። አይዞቶፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2018 ባወጣው በሰባተኛው የአር ኤክስ እትም፣ በአንድ ላይ ከተቀረጸ ሙዚቃ ውስጥ የሰውን ድምፅ ከመሣሪያዎቹ ለይቶ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ብልሃት ጨመረ። አንዲት ጎረቤታችን የሟች አባታቸው ቀረርቶ ያለበትን፣ በሠርግ ጫጫታ የተዋጠ ካሴት ይዘው በመጡ ጊዜ፣ ከጫጫታው ውስጥ ያ ድምፅ ቀስ ብሎ ብቅ ሲል ሴትዮዋ የተናገሩትን እዚህ አንጽፈውም። ለዚያ ማሻሻያ ስንት ከፈላችሁ ብሎ የጠየቀን ሰው በዚያን ቀን አልነበረም።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። በዶላር የተጻፈ ዋጋ ለአሜሪካዊውና ለእኛ አንድ ቁጥር ይሁን እንጂ አንድ ክብደት የለውም። እስከ ጁላይ 2024 መጨረሻ ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያው ወር ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ የ60 ዶላር ማሻሻያ ከ3,420 ብር ተነሥቶ፣ ፕለጊኑ ምንም ሳይጨመርበት፣ ከ7,200 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ክፍያውም ቢሆን በእኛ እጅ አይፈጸምም፤ ብዙ ጊዜ በዋሽንግተን ያለች እኅታችን በካርዷ ትከፍልልንና እኛ እዚህ ለእናታችን እንከፍላለን። በመዝገባችን ላይ ከእያንዳንዱ ማሻሻያ ትይዩ ሁለት ነገር እንጽፋለን፤ አንደኛው በዚያ መሣሪያ በዓመት ውስጥ ስንት ዘፈን እንደ ሠራን፣ ሁለተኛው በዚያው ገንዘብ ማሲንቆ መቺ ወይም ዋሽንት ነፊ ለስንት ቀን ማስመጣት ይቻል እንደ ነበር። ይህ ሁለተኛው ዓምድ ብዙ ደብዳቤዎችን ወደ ቅርጫት ሸኝቷል። በኮምፒዩተር የተሠራ የማሲንቆ ድምፅ አዲሱ እትም ከአሮጌው ይበልጥ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰውየው ራሱ በአውቶቡስ ተሳፍሮ መምጣት ሲችል የሁለቱን እትሞች ልዩነት መመዘን ለምን ያስፈልጋል?

ሻጮቹ በበኩላቸው የገዢውን ሒሳብ የሚያቀሉ መንገዶች ይዘው ይቀርባሉ። አንደኛው ኪራይ ነው። ዌቭስ በማርች 2023 ፕለጊኖቹን ለዘለቄታ መሸጥ ትቶ በኪራይ ብቻ እንደሚሰጥ አስታውቆ ነበር፤ ደንበኞቹ ግን እንዲህ ያለ ቁጣ ስላሰሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐሳቡን ለውጦ ሽያጩን መለሰ። ኪራይ ሥራ ለሚበዛበት ስቱዲዮ ይስማማ ይሆናል፤ በክረምት ሦስት ወር ያለ ሥራ ለሚቀመጥ እንደ እኛ ላለው ግን በባዶ ቤት ላይ እንደሚከፈል የቤት ኪራይ ነው። ሌላው የዕድሜ ልክ ተስፋ ነው። ኬክዎክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለሶናር ፕሮግራሙ በ2016 የዕድሜ ልክ ማሻሻያ ሸጠ፤ በኖቬምበር 2017 ባለቤቱ ጊብሰን የፕሮግራሙን ሥራ ማቆሙን አስታወቀ። የማን ዕድሜ እንደ ሆነ አስቀድሞ የጠየቀ አልነበረም! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። በ2018 ባንድላብ የተባለ የሲንጋፖር ኩባንያ ንብረቱን ገዝቶ ፕሮግራሙን በነጻ ማቅረቡ የገዢዎቹን ኀዘን ጥቂት አቀለለው እንጂ ቃሉን አላደሰውም። በሌላ በኩል የቤልጅጉ ኢሜጅ ላይን ለኤፍ ኤል ስቱዲዮ ገዢዎች የሰጠውን የዕድሜ ልክ ነጻ ማሻሻያ ቃል ለብዙ ዓመታት ጠብቆ መኖሩን መመስከር ይገባል፤ በአገራችን ወጣት አቀናባሪዎች ዘንድ ይህ ፕሮግራም መወደዱም ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ሦስተኛው መንገድ ማንም ሻጭ አይነግረንም፤ ነገር ግን በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የተሰበረ ቁልፍ ያለው፣ ዋጋ ያልተከፈለበት ፕለጊን ማለታችን ነው። ይህን የሚጠቀሙትን ወጣቶች ለመውቀስ አንቸኩልም፤ የአንድ መሣሪያ ዋጋ ከአንድ ጀማሪ መምህር የወር ደመወዝ ጋር ሲተካከል ፈተናው ከባድ ነው። ይሁን እንጂ በ2004 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለዘፈኖቻችን እንዲሠራልን የምንጮኸው እኛው ነን። ዘፈኑ በመርካቶ በፍላሽ መገልበጡ ሌብነት ከሆነ፣ ዘፈኑ የተሠራበት መሣሪያ መገልበጡን ምን ብለን እንጠራዋለን? በነጻ የሚሰጡ፣ እጅግ ደኅና የሆኑ ፕለጊኖች ሞልተዋል፤ ቫልሃላ የተባለው ሠሪ በ2020 በነጻ ያወጣው ሱፐርማሲቭ የተባለው ሪቨርብ አንዱ ነው። ሪፐር የተባለው የቀረጻ ፕሮግራምም ለግለሰብ 60 ዶላር ብቻ ነው፤ ክፍያውም ለሁለት ተከታታይ ዐቢይ እትሞች ያገለግላል።

በዚህ አጋጣሚ በበጀት ሥራ ላይ ላሉ አንባቢዎቻችን አንዲት ቃል ጣል ብናደርግ ቅር አይሰኙ ይሆናል። የሙዚቃ ክፍል ላለው ትምህርት ቤት ኮምፒዩተርና ፕሮግራም ሲገዛ፣ ወጪው እንደ ጠረጴዛና እንደ ወንበር አንድ ጊዜ ብቻ ተመዝግቦ ይዘጋል። ጠረጴዛው ዐሥር ዓመት ይቆማል፤ ፕሮግራሙ ግን በሦስተኛው ዓመት መንገዳገድ ይጀምራል። ለመኪና ዘይትና ጎማ እንደሚያዝ ሁሉ ለማሻሻያም በየዓመቱ ትንሽ ገንዘብ ቢያዝ፣ መምህሩ ከኪሱ ከመክፈል ወይም ከፍላሽ ከመገልበጥ ይድን ነበር።

አንዳንድ ጊዜ ደብዳቤዎቹ ሲበዙ አምሃ እሸቴ በ1969 ባቋቋሙት የሸክላ ማተሚያ ድርጅት ስም እስከ 1975 ድረስ የታተሙትን ዘፈኖች እንሰማለን። ብዙዎቹ ባንዱና ዘፋኙ አንድ ላይ ቆመው፣ ከጥቂት ማይክሮፎን ጋር፣ በአንድ ትንፋሽ የተቀረጹ ናቸው፤ ሆኖም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጲክስ በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ እትም ዓለም እንደ አዲስ ሰማቸው። አንድ ወዳጃችን ይህን ማስረጃ አድርጎ መሣሪያ ሁሉ ትርፍ ነው ይላል። እኛ ግን አንስማማም። እነዚያ ሰዎች ድህነትን መርጠው አልነበረም፤ የተሻለ ማይክሮፎን ቢያገኙ ይቀበሉ ነበር። የነበራቸው ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ፤ ይህም እስከ ዛሬ በማሻሻያ ዝርዝር ላይ ወጥቶ አላየንም።

በዚህ ዓመት ሦስት ደብዳቤ ደርሶናል። ለኢኳላይዘሩ አልከፈልንም። ለካሴት ማጽጃው ከፍለናል፤ በመደርደሪያችን ላይ የሰው አደራ የሆኑ ሃያ ሰባት ካሴቶች ተራቸውን ይጠብቃሉና፣ ካሴት ደግሞ እንደ ወይን ሲቆይ የሚሻሻል አይደለም። ሦስተኛው የኮምፕረሰር ነው፤ ሠሪዎቹ በኖቬምበር መጨረሻ ዋጋ የመቀነስ ልማድ ስላላቸው እስከዚያ ድረስ አቆይተነዋል። የማሲንቆ መቺው ቀጠሮ ግን ለመጪው ቅዳሜ ነው፤ ቀብዱን ሰጥተነዋል፤ ከግድግዳው ላይ የወረደውን አንዱን ጋቢም ከዚያ በፊት መልሰን መስቀል አለብን።